ፈረሶቹ የጠጡት ውሃ

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ኋላ ታሪኩ መሀል ላይ ስትደርሱ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ ነው። እናቴ ዳንግላ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ዕቃዋን ለሚያጣጥልባት ገዢ የምትሰጠውን መልስ የሰማ ሰው እኔ ላይ አይፈርድም። አማቴ እማማ የሻሽማ «የአንቺ እናት በርበሬ ብቻ አይደለም፣ ሚጥሚጣም ሳትሸጥ አልቀረችም» ይሉኛል።

ዳንግላ ከተማ አድጌ፣ መምህርት ሆኜ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለች የገጠር ቀበሌ ስመደብ፣ ከአዊኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። እዚያው አላምረው የሚባል ገበሬ አገባሁ። አላምረው ደግ ሰው ነው፤ ፍቅሩን ግን ለእኔና ለፈረሱ እኩል አካፍሎ ነው የሚኖረው። እኩል ያልኩትም ለራሴ አድልቼ ነው። አዊኛ ያስተማሩኝ እናቱ ናቸው። ጀሪካን አዝለን ምንጭ ስንወርድና ስንወጣ፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ድንጋዩንም ዛፉንም ድካሙንም በስሙ እየጠሩ ያስደግሙኛል። ቋንቋውን የለመድኩት ውሃ ስሸከም ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዓመታት በኋላ የቀበሌያችን ሰው ለዞኑ ምክር ቤት መረጠኝ። ለምን እኔን እንደሆነ ሊቀመንበራችን አያ ቢተው ሲናገሩ፣ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እሷ ደግሞ ለመናገር ማንንም አትፈራ» አሉ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

የላኩኝ ለአንድ ነገር ነበር፤ ለውሃ። ጤና ኬላችን ግቢ ውስጥ ቦኖ አለ። ከጎኑ ለከብት የተሠራ ገንዳ አለው፤ ከበላዩ ደግሞ በድንጋይ ካብ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር። ውሃው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ በሞተር እየተገፋ ነበር ታንከሩ ውስጥ የሚገባው። ሲመረቅ እልል ብለን ጨፍረናል። ብዙም ሳንጠጣው ሞተሩ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ ደረቀ፣ ገንዳው ውስጥ ዶሮ ይተኛበት ጀመር፣ እኛም ወደ ገደላችን ተመለስን። ጤና ኬላ ቁስሉን ሊያሳጥብ የሚመጣ ሰው ውሃውን ከቤቱ በጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። በሪፖርት ግን ውሃ አለን። «ተጠናቆ አገልግሎት በመስጠት ላይ ያለ» ይላል። መጠናቀቁስ እውነት ነው፤ አገልግሎቱን ነው ያላየነው።

የዚያን ጊዜው ጉባኤ እንጅባራ ነበር። የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ከኮቱ በላይ ጋቢ የደረበው አባል ብዙ ነው። የስብሰባ ወጉ እንዲህ ነው፦ አባላት በየተራ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄው ሁሉ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ኃላፊው ተነሥቶ በጥቅል ይመልሳል። በጥቅል ሲመለስ የአንዱ ጥያቄ በሌላው ሥር ተከልሎ ሹልክ ይላል።

የውሃ ነገር የሚመለከተው ኃላፊ ኢንጅነር ደረጀ ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ስብሰባ ላይ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን፣ ከሆነው ሁሉ በኋላ፣ አንተ ብለው ቅር አይለውም። ስለ ከተማው የውሃ ፈረቃ መለሰ፣ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ መለሰ፣ እኔ ጋ ሲደርስ «ከሌሎች ቀበሌዎች የተነሡ ጥያቄዎችም በሂደት የሚታዩ ይሆናሉ» ብሎ ሊቀመጥ ሆነ።

እጄን አወጣሁ። አፈ ጉባኤው አላዩኝም። ቆምኩ። ያን ጊዜ አዩኝ።

«የተከበሩ አባል፣ ጊዜ የለንም እኮ።»

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጊዜ ባይኖረንም ጥማት አለን። ኃላፊውን አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። ያ ሪፖርቱ ላይ ያለው የእኛ ቀበሌ ውሃ፣ ጠጥተውት ያውቃሉ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ ያሉት አዛውንት አባልማ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነው የሳቁት። ኢንጅነር ደረጀ ፊቱ ቀላ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ማይክሮፎኑን ጠጋ አደረገ።

«የተከበሩ አባል፣ ጠጥቼው አላውቅም። አሁን ግን እጠጣዋለሁ። ሐሙስ እመጣለሁ። ቧንቧው ደረቅ ከሆነ፣ ዘንድሮ ለሞተር የያዝነው በጀት ለእርስዎ ቀበሌ ይሆናል። ውሃ ካለው ግን ገንዘቡ ይህንኑ ወደሚጠይቀን ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል። ጉባኤው ይመስክር።»

ተጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው ደረቅ ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለኝ?

ጉባኤው እስከ ረቡዕ ስለሚቆይ ወደ ቤቴ መመለስ አልቻልኩም። ለአያ ቢተው ደወልኩ። እኛ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያ እስኪወጡ ድረስ ደጋግሜ ሞከርኩ።

«አያ ቢተው፣ ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ቦኖውን ሊያዩ ነው። ሰዉን ሰብስቡልኝ።»

«እንግዳ? ከዞን?» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ያመጣሻቸው እንግዶች?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው።»

«በይ አታስቢ ልጄ። አናሳፍርሽም።»

አናሳፍርሽም! ያን ጊዜ መደንገጥ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ከእነሱ ጋር ኖሬ፣ አብሬ በልቼ፣ አብሬ አልቅሼ፣ ያቺ ቃል ምን እንደምታስከትል እንዴት አልታየኝም? ስልኩን ዘግቼ በደስታ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ተነሣን። ኢንጅነሩ የጫግኒ ልጅ ነው፤ የቆላ ሰው ስለሆነ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይንቀጠቀጣል። መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን፤ እሱም ለጫማው ሳይሳሳ አብሮ ገፋ። ይህን ሳይ ትንሽ ወደድኩት።

«መምህርት» አለኝ ወደ መኪናው ስንመለስ፣ «ጉባኤ ላይ አስቀውብኛል፣ ይሁን። ግን ያ ሌላው ወረዳም ውሸቱን አይደለም፤ ሴቶቹ ውሃ ሲሸከሙ አይቻለሁ። ስለዚህ እርስዎ ያሉት እውነት ካልሆነ፣ ሁለተኛ ሲናገሩ አልሰማዎትም።»

«ካልሆነ እኔም ሁለተኛ አልናገርም» አልኩት።

የቀበሌያችን አፋፍ ላይ ስንደርስ ፈረሰኞቹ ወጥተው ጠበቁን። እኛ ጋ የከበረ እንግዳ እንዲሁ አይገባም። ፈረሶቹ ያን በዓል በዓል የሚለውን ጌጣቸውን ለብሰዋል፤ ከፊት አላምረው አለ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሠርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ አላማረበትም። ከመኪናው ግራና ቀኝ ሆነው በሶምሶማ አጀቡን። ኢንጅነሩ ብርዱን ረስቶ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያያል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደረቴ ተነፋ።

ግቢው ተጠርጓል። ዳስ ተጥሏል። ሰዉ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል። ኢንጅነሩ ሰላምታውን እንደጨረሰ ሌላ ቦታ ሳይሄድ በቀጥታ ወደ ቦኖው ሄደ፤ እኔም ከኋላው እንደ አሸናፊ እየተራመድኩ ተከተልኩት። የመጀመሪያውን ቧንቧ ያዘና አዞረው።

ውሃው ፏ ብሎ ወረደ።

ክው አልኩ። ኢንጅነሩ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው፣ ወረደ። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ወረደ። በእጁ ቀድቶ ጠጣ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ሞተሩ ተጠገነ እንዴ?» ብሎ አያ ቢተውን ጠየቃቸው።

«ይኸው እንደሚያዩት ነው ጌታዬ» አሉ አያ ቢተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ምን ይጎድለናል? እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወርጄ ሞተሩን ልየው?»

«ኧረ በሞቴ! ገደሉ ዛሬ ጭቃ ነው፣ ልብስዎ ይበላሻል። ይልቅ ከደረቁ ይቀመጡ፣ ምሳ ደርሷል።»

«ይሁን፤ ለነገሩ ቃሌ በቧንቧው ነው» አለና ተቀመጠ።

እማማ የሻሽን በዓይኔ ፈለግኋቸው። ሴቶቹ መሀል ቆመዋል። ነጠላቸው ነጭ ነው፤ የቀሚሳቸው ጀርባ ግን ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው እርጥብ ነው። ያን እርጥበት አውቀዋለሁ። የጀሪካን ነው። ክንዳቸውን ይዤ ከጤና ኬላው ጀርባ ወሰድኳቸው።

«እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግን? ሞላነው እንጂ!» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ሲሸከም ዋለ። ጎረምሶቹ መሰላል ላይ ሆነው ይቀበሉናል። አልሞላ ሲለን በየቤቱ ያለውንም ገለበጥነው። አየሽ እንዴት እንደወረደ?»

«ደረቅ መሆኑን ሊያይ ነው እኮ የመጣው! ደረቅ ከሆነ ሞተር ሊገዛልን!»

ነገሩ ገባቸው፤ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። አንገታቸውን ግን አልደፉም።

«መድረቁንማ ከአንቺ ሰምቷል። የሰማውን ጉዳችንን ደግሞ ምሳ ሳይበላ ዓይኑ ላይ እንጣልበት? አንቺ ጠርተሽው፣ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ቧንቧ ሲከፍት ባዶ? ምን ይላል? ልጅቱ አማት የላትም ወይ አይልም?»

«እንግዲያው ይንገሩት! አሁኑኑ!»

«እንግዳ ፊት? ሞቼ!»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እርጥብ ትከሻቸው ፊት ለፊቴ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ያን ገደል ስንት ጊዜ እንደወጡት አልጠየቅኋቸውም። የወጡት ለኢንጅነሩ አይደለም። ለእኔ ነው፤ እንዳላፍር።

«አንቺው ንገሪው እንጂ!» ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ይመስላል። ግን አያ ቢተው በሰዉ ሁሉ ፊት «ምን ይጎድለናል» ብለዋል። ተነሥቼ «ውሸታቸውን ነው» ልበል? እንደ ልጃቸው የተቀበሉኝን፣ ቋንቋ ያስተማሩኝን፣ የመረጡኝን ሰዎች በእንግዳ ፊት ውሸታም ላድርጋቸው? ብልስ ማን ያምነኛል? ቧንቧው እየወረደ! ዳሱ ውስጥ ገብቼ ከኢንጅነሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«መምህርት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰዎቹ ደግ ናቸው። በእርስዎ ግን አዝኛለሁ። ሰኞ ለዚያኛው ወረዳ እደውላለሁ።»

ሰኞ፤ ከሰኞ በኋላ ሞተር የለም። እማማ የሻሽም በዚያ ወገባቸው እስኪሞቱ ድረስ ገደሉን ይወጣሉ።

መላውን ያመጣልኝ የአላምረው ፈረስ ነው። ከዳሱ ውጭ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ሶምሶማ ሮጦ ላብ ብሎት፣ አንገቱን ወደ ገንዳው ዘርግቶ የረጠበውን ጠርዝ ይልሳል። ትክ ብዬ አየሁት። ከዚያ ታንከሩን አየሁ። ታንከሩ ውስጥ ያለው እኮ ሴቶቹ የተሸከሙት ብቻ ነው። ሌላ የሚመጣለት የለም።

«አላምረው!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ፈረሱ ጠምቶታል እኮ።»

«ኋላ ይጠጣል» አለኝ በጥርሱ።

«ለምን ኋላ? ውሃው አጠገቡ እያለ?»

አፈጠጠብኝ። አፈጠጥኩበት። ሁለታችንም እንግዳው ፊት ፈገግ ብለናል። ያኔ ኢንጅነሩ ከቆሎው ቀና ብሎ፣ «አጠጡት እንጂ! ውሃው የእናንተው አይደለም እንዴ?» አለ።

ጉድ ፈላ። አላምረው ምን ይበል? «አይ ጌታዬ፣ ውሃው ያልቃል» ይበል? ሄዶ ቧንቧውን ከፈተና ገንዳውን ሞላ። ፈረሱ ጠጣ። ፈረስ ሲጠጣ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ አይቸኩልም፣ ጉሮሮው እየተንቀሳቀሰ እስኪበቃው ይጠጣል። ከዚያ የሌላው ፈረሰኛ ፈረስ አንኮራፋ። «የእሱም ጠምቶታል» አልኩ። ያም መጣ። ከዚያ ሦስተኛው። የአያ ቢተውም ፈረስ አልቀረም፤ «አያ ቢተው፣ የእርስዎስ? እሱ ከማን ያንሳል?» ስላቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና «እውነት ነው፣ ይጠጣ» አሉ። ሾፌሩንም «ወንድሜ፣ መኪናህ በጭቃ ቀለሟ ጠፍቷል፣ ለእንግዳ መኪና ውሃ አይከለከልም» አልኩት። ደስ ብሎት ባልዲ ያዘ።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ወደ ሴቶቹ ማየት አልቻልኩም። ውሃው ጎማ ላይ ሲፈስ አንዷ ዓይኗን ስትጨፍን በጎን ታየችኝ። እማማ የሻሽ ግን እኔን ነበር የሚያዩት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩኝ። ዛሬ አማቴን አጣሁ ብዬ ደመደምኩ።

ምሳው ቀረበ። ጥብሱ፣ ቅቤው፣ ድንቹ ተትረፍርፎ ቀረበ፤ ኢንጅነሩ ጃኬቱን አውልቆ በላ። ሲጨርስ እጁ በቅቤ ርሷል። አያ ቢተው ሳሙና አቀበሉትና እሱ ራሱ ወደ ቧንቧው ሄደ። እጁን አረጠበ። ሳሙናውን እስከ ክርኑ አሸ። አረፋው እስኪነጣ አሸና እጁን ከቧንቧው ሥር ዘረጋ።

ቧንቧው ፍስስ አለ። አንድ ሁለቴ አንጠባጠበ። ከዚያ ቀጥ።

ሁለተኛውን ከፈተ፤ ቀጥ።

«ውሃ አምጡ!» ብለው አያ ቢተው ጮኹ። «ከቤት ውሃ አምጡ እንጂ! እንግዳው ቆሞ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በየትኛው ቤት አለና? ሁሉንም ታንከሩ ውስጥ ገልብጠውታል። በቀበሌው ውስጥ የአንድ ሰው እጅ የሚያለቀልቅ ውሃ አልነበረም።

ኢንጅነሩ ሁለት እጁን ከነአረፋው ወደ ላይ እንደያዘ ቆመ። ታንከሩን አየ። ካቡ ላይ የተደገፈውን መሰላል አየ። ከጤና ኬላው ግድግዳ ሥር በጨርቅ የተሸፈኑትን ጀሪካኖች አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞልተውት ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እኔም ያወቅሁት አንተ ቧንቧውን ከከፈትክ በኋላ ነው» አልኩት። «አንተ» ያልኩት ሳላስበው ነበር።

እማማ የሻሽ ከሴቶቹ መሀል ወጥተው መጡ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉና በአዊኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጨረስሽው?» አሉኝ።

«ጨረስኩት፣ እማማ።»

አልፈውኝ ወደ ኢንጅነሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ አንተ ለእኛ እንግዳ ነህ ወይስ የቤት ሰው?»

«እንዴት እማማ?»

«እንግዳ ከሆንክ ጥፋቱ የእኛ ነው። እጅህን እንኳ ሳናስለቀልቅ ሰደድንህ፤ ይቅር በለን፣ በሰላም ግባ። ለእንግዳ ጓዳ አይታይም። የቤት ሰው ከሆንክ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ባዶ ነው። ውሃ የለንም። ሞተሩ ከተቃጠለ ቆየ። ያፈርነው በአንተ አይደለም፣ በራሳችን ነው።»

አያ ቢተው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አረፋው በኢንጅነሩ ክንድ ላይ እየወረደ ነበር።

«የቤት ሰው ነኝ፣ እማማ» አለ።

«እንግዲያው ና፣ እጅህን ላስታጥብህ።»

ከፊት እሳቸው፣ ከኋላቸው እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ኢንጅነር ደረጀ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ፣ ገደሉን ወረድን። ጭቃው እውነትም ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ አዳልጦት ተቀመጠ፤ እጁ ሳሙና ስለሆነ ምንም መያዝ አይችልም፣ እማማ የሻሽ በብብቱ ይዘው ያነሡታል። ግማሽ መንገድ ላይ ሳሙናው ክንዱ ላይ ደርቆ ቆዳው ይጎትተው ጀመር። ሴቶቹ ከኋላ መሣቅ ጀመሩ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እሱም ሳቀ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ላሞች እየጠጡ ነው። እማማ የሻሽ አባረሩና ውሃው እስኪጠራ አስጠበቁት፤ ከዚያ በቅል እየቀዱ አስታጠቡት። «አሁን ጠጣ» አሉት። ጠጣ። የተቃጠለው ሞተር እዚያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ ተሸፍኖ፣ ዝጎ ተቀምጧል። ቆርቆሮውን ገልጦ ቁጭ ብሎ አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

እማማ የሻሽ ጀሪካናቸውን ሞልተው ገመዱን ሊያነሡ ሲሉ ቀማቸው።

«ተው ልጄ፣ አታውቅበትም።»

«ያሳዩኛ!»

አሳዩት። ገመዱን ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚያደርግ፣ ወገቡን እንዴት እንደሚያጎነብስ። የጫግኒ ልጅ፣ ሜዳ ለምዶ፣ ያን አቀበት ሲወጣው ያየ ሰው አይረሳውም። ያርፋል፣ ያንጎራጉራል፣ ይወጣል። አላምረው ሊያግዘው ቢጠጋ «ሂድ ወዲያ!» አለው። አፋፉ ላይ ሲደርስ ከላቡ የተነሣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፤ እርጥበቱ ከትከሻው እስከ ወገቡ ነው። ወደ ታንከሩ አቀና።

«ወዴት ነው?» አሉት እማማ የሻሽ።

«የት ላድርገው?»

«ቤቴ ነዋ። ለራት ጠብታ የለኝም።»

ለሚቀጥለው ጉባኤ ጥያቄዬን አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። እጄን ሳላወጣ ኢንጅነር ደረጀ አስቀድሞ ተነሣ። «የተከበሩት አባል ሳይጠይቁኝ ልመልስ። ያን ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ተሸክሜውማለሁ» አለ። አሁን የሳቀ አልነበረም። ሞተሩ መጣልን። አዲሱ ውሃ የወረደ ቀን አያ ቢተው ቧንቧውን እኔን እንድከፍት ጋበዙኝና፣ እማማ የሻሽ «ፈረሶቹን አርቁ፣ እሷ መጥታለች!» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ። ያ ሌላው ወረዳም አልተረሳም። ገንዘቡ ወደ እኛ ከዞረ ወዲህ የእነሱንም ጥያቄ እኔ ነኝ በየጉባኤው የማነሣው፤ አባላቸው «የማን ተመራጭ ናት?» እያለ ይቀልድብኛል። ገና አላገኙም። አልተውኩም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሥራዬ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ኃላፊን ማሳፈር ይመስለኝ ነበር። አፍ ስላለኝ በቃ ብዬ ነበር። ሰዎቼ ግን በእንግዳ ፊት «ጎደለን» ማለትን እንደ ነውር ይዘው ነው ያደጉት፤ ያን ወጋቸውን እወደዋለሁ፣ ክፉ ነገር አይደለም። የተሳሳትነው መንግሥትን እንግዳ በማድረጋችን ነው። አሁን ለአያ ቢተው ስደውል «እንግዳ ይመጣል» አልልም። «የቤት ሰው ይመጣል፣ ምንም አታዘጋጁ» እላለሁ። እሳቸውም ያጉረመርማሉ፤ «ቢያንስ ቆሎ?» ይሉኛል። ቆሎ ይፈቀዳል። እናንተም ጋ የሚመጣ ባለሥልጣን ካለ ግቢያችሁን አትጥረጉለት።

ፈረሶቹ የጠጡ ዕለት፣ ያን ሐሙስ ማታ፣ ፒክአፑ ከሄደ በኋላ፣ ከእማማ የሻሽ ጋር ብቻችንን ቀረን። መደብ ላይ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ወገባቸውን ቅቤ እቀባለሁ። ጀሪካኑ ያረፈበት ቦታ ቀልቷል። እንባዬ መጣ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ሁሉ የተሸከሙትን ውሃ አፈሰስኩብዎት።»

«ተይው» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ፈረሶቹም እኮ እውነት ጠምቷቸው ነበር።»